የጡት ማለቢያ ፓምፕ፦ ከሞተሩ ባሻገር

የጡት ማለቢያ ፓምፕ ሣጥን ላይ በደማቁ የሚጻፈው ሁልጊዜ ስለ ሞተሩ ነው። ዘጠኝ የኃይል ደረጃ፣ ድምፅ አልባ፣ ዲጂታል ስክሪን፣ «የሆስፒታል ደረጃ»። የሕፃናት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆችም ሆኑ በቴሌግራም የሚነግዱት ሰዎች የሚደረድሩት ይህንኑ ነው፤ ገዢዋም «ይስባል ወይ?» ብላ ትጠይቃለች። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ዘንድ አይገኝም። ማለቢያው መሳቡን፣ አለማሳመሙን፣ ወተቱም ንጹሕ ሆኖ መውጣቱን የሚወስኑት ከአውራ ጣት የማይበልጡ የሲሊኮን ቁራጮችና ጡት ላይ የሚገጠመው ፕላስቲክ ልክ ናቸው። «የሆስፒታል ደረጃ» የሚለውን ጽሑፍ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እንኳ አያውቀውም፤ ወጥ መስፈርት ስለሌለው ማንም አምራች ሣጥኑ ላይ ሊለጥፈው ይችላል።

መሣሪያው ዛሬ የመጣ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ለጡት ማለቢያ የመጀመሪያው የፈጠራ መብት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1854 በኦርዌል ኒድሃም ስም ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ በየመድኃኒት ቤቱ ይሸጥ የነበረው የመስታወት መግጠሚያና ከሱ ጋር የተያያዘ የጎማ ኳስ ነበር፤ ኳሱን ጨምቆ መልቀቅ ብቻ። በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት ቀደምት ማለቢያዎች ጋር ስሙ የሚነሣው ኤድዋርድ ላስከር ነው። ሰውየው መሐንዲስ ይሁን እንጂ ዓለም የሚያውቀው በቼዝ ነው፤ ለማለቢያው የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1927 ነበር። ዛሬ እጃችን ላይ ላሉት ማለቢያዎች አባት ሊባል የሚገባው ግን ስዊድናዊው መሐንዲስ አይናር ኤግኔል ይመስለኛል። ኤግኔል እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መሳብና መልቀቅ እየተፈራረቀ የሚሠራ፣ ኃይሉም 200 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ላይ የተገደበ ፓምፕ ሠርቶ፣ ጡት ላይ የሚደርሰውን ነገር በመለኪያ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1956 አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1961 ደግሞ ሌላው ስዊድናዊ ኦሌ ላርሶን ስዊዘርላንድ ውስጥ ሜዴላን መሠረተ፤ ለብዙ ዓመታት በየሆስፒታሉ የታዩት ፓምፖች ከዚያ ወጡ። ሞተር በቦርሳ ተይዞ ቢሮ የገባው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሲሆን፣ ገመድና ቱቦ ሳይኖረው ጡት መያዣ ውስጥ የሚደበቀው ዓይነት ገበያ ላይ የታየው እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ነው።

ክፍሎቹን አንድ በአንድ ከማየታችን በፊት ፓምፕ ምን እንደሚሠራ መታወቅ አለበት፤ ብዙው ቅሬታ የሚመነጨው ከዚህ ነውና። ወተት ጡት ውስጥ ተጠራቅሞ ቀዳዳ የሚጠብቅ ፈሳሽ አይደለም። የሚመረተው በጣም ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ነው፤ ከነዚያ ከረጢቶች ገፍቶ የሚያወርደው ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን ነው፤ ሆርሞኑን የሚቀሰቅሰው የሕፃኑ መጥባት፣ አንዳንዴም ድምፁ ወይም ጠረኑ ብቻ ነው። ሕፃን መጀመሪያ ቶሎ ቶሎና በቀስታ ይጠባል፤ ወተቱ ሲወርድለት ዘግየት፣ ጠንከር አድርጎ እየዋጠ ይቀጥላል። ጥሩ የኤሌክትሪክ ማለቢያ ሁለት አሠራር ያለው ለዚህ ነው፦ በፍጥነት የሚነዝረው መቀስቀሻና ዝግ ብሎ ጠንከር የሚለው ማለቢያ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ኃይሉን ጫፍ ላይ ማድረስ ትርፉ ሕመም ነው። ሕመም ደግሞ ኦክሲቶሲኑን ያግደዋል፤ ጡት ሞልቶ ተወጥሮ ሳለ ጠርሙሱ ባዶውን ይቀራል። ትክክለኛው ልክ ሳያሳምም የሚታገሡት ከፍተኛው ደረጃ ነው፤ ከዚያ በላይ ማድረግ ወተት አይጨምርም።

አሁን ወደ ዕቃው እንግባ። ጡት ላይ የሚያርፈው ፈነል መሰል ክፍል፣ እዚህ መግጠሚያ እያልኩ የምጠራው፣ ሰፊ አፍና ጠባብ መተላለፊያ አለው። የጡት ጫፍ የሚገባው መተላለፊያው ውስጥ ነው፤ ቁጥሩም የሚለካው እሱ ነው። ሣጥን ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚመጣው 24 ወይም 28 ሚሊሜትር ነው፤ ከዚያ በታችና በላይ ብዙ ልክ እንዳለ ግን የሚነግረን ሻጭ ጥቂት ነው። የሚለካው የጡቱ ትልቅነት አይደለም፤ በዙሪያው ያለው ጠቆር ያለ ክፍልም አይደለም፤ የጫፉ ስፋት ብቻ ነው። መተላለፊያው ከዚያ ጋር እኩል ወይም በጥቂት ሚሊሜትር ሰፋ ያለ ይሁን። ትልቅ ጡት ያላት ሴት ትንሽ መግጠሚያ ልትፈልግ ትችላለች፤ ቀኝና ግራም ላይመሳሰሉ ይችላሉ።

ልኩን ለማወቅ ከቁጥሩ ይልቅ ዓይን ይበልጣል። መግጠሚያው ግልጽ ፕላስቲክ ስለሆነ እያለቡ ውስጡን ማየት ይቻላል። ጫፉ መሐል ላይ ሆኖ ያለ ግጭት ወደፊትና ወደኋላ ከሄደ ልኩ ነው። ጎንና ጎኑን እየታከከ፣ ሲወጣም ነጭ ሆኖ ወይም ተጨምቆ ከታየ ጠቧል። በዙሪያው ያለው ጠቆር ያለ ቆዳ አብሮ ተጎትቶ ከገባና ከወጣ በኋላ አብጦ ከቀረ ሰፍቷል። በእኔ ግምት «ፓምፕ አልስማማኝም» ብለው ከተዉት እናቶች ብዙዎቹ ያልተስማማቸው ልኩ ነው። ብዙ ኩባንያዎች መተላለፊያውን የሚያጠቡ የሲሊኮን ማስገቢያዎች ይሸጣሉ፤ አዲስ ማለቢያ ከመግዛት እጅግ ይረክሳል።

ከመግጠሚያው ጀርባ ማያያዣው አለ፤ ከጠርሙሱ፣ ከቱቦውና ከቫልቩ ጋር የሚያገናኝ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ካልተሰነጠቀ በቀር ስለሱ ብዙ የሚባል የለም።

ቫልቭ ጋ ግን ቆም እንበል። በብዙ ማለቢያዎች ላይ ከማያያዣው ሥር የምትንጠለጠል፣ ከላይ ክብ፣ ወደ ታች እየጠበበች እንደ ዳክዬ አፍ ሁለት ከንፈር የምታወጣ ነጭ ሲሊኮን ናት። በአንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ በቀድሞዎቹ የሜዴላ ፓምፖች፣ ጠንካራ ቢጫ ፕላስቲክ ላይ የምትለጠፍ ስስ ነጭ ክብ ልባስ ሆና ትመጣለች። ሥራዋ አንድ ነው። ሞተሩ ሲስብ ከንፈሮቿ ይገጥማሉ፤ ጠርሙሱ ከመግጠሚያው ይለያል፤ የሚሳበው ጡቱ ፊት ያለው ትንሽ ክፍት ቦታ ብቻ ይሆናል። ሞተሩ ሲለቅ ከንፈሮቹ ይከፈታሉ፤ የተጠራቀመው ወተት ጠብ ይላል። በደቂቃ ብዙ ጊዜ ይህንኑ ትደጋግማለች። እሷ ካልገጠመች ሞተሩ ከጡቱ ጋር የጠርሙሱንም አየር ሲስብ ይውላል፤ ጡቱ ላይ የሚደርሰው ኃይል ይመናመናል።

እናቲቱ የምታየው ግን ሌላ ነው። ሞተሩ እንደወትሮው ይጮኻል፤ እንዲያውም ሸክም የቀለለው ይመስል ድምፁ ሳሳ ይላል፤ ወተቱ ከሳምንት ሳምንት ይቀንሳል። «ወተቴ ደረቀ» የምትለው ያኔ ነው፤ አጥሚቱ ይበዛል፣ ምክር ይዘንባል፣ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ይገዛል። ጥፋቱ ግን የተቀደደች ሲሊኮን ሊሆን ይችላል። ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ቫልቧን አውጥቶ፣ አጥቦና አድርቆ፣ ወደ መስኮት ብርሃን ማየት፤ ሳትነካ በተቀመጠችበት በከንፈሮቿ መካከል ብርሃን ከታየ ወይም የተሰነጠቀው ጫፍ ወደ ጎን ከሄደ አገልግሎቷ አብቅቷል። ሁለተኛው መንገድ ሞተሩን አብርቶ መጀመሪያ የቱቦውን ጫፍ በአውራ ጣት መድፈን፣ ከዚያ ሁሉን ገጣጥሞ የመግጠሚያውን አፍ በመዳፍ መክደን ነው። ቱቦው ጫፍ ላይ ጠንክሮ ስቦ መግጠሚያው ላይ ከደከመ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ከመሐል ካሉት ትንንሽ ዕቃዎች አንዱ ነው። ቱቦው ላይም ከደከመ ስለ ሞተሩ ማሰብ ይቻላል።

አምራቾች ቫልቮቹ እንደ አጠቃቀሙ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ እንዲቀየሩ ይመክራሉ፤ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ የምታልብ እናት ቶሎ፣ አልፎ አልፎ የምታልብ ዘግይታ። በጠርሙስ ብሩሽ መፈግፈግ ደግሞ ዕድሜያቸውን ያሳጥራል፤ በጣት ማሸት ይበቃል። የእኛ ገበያ የሚያሳዝነው እዚህ ላይ ነው፦ ፓምፑ ይመጣል፣ ቫልቩ አይመጣም። ስለዚህ ገዢ ከደረጃው ብዛት አስቀድማ «መለዋወጫ አለህ ወይ?» ብላ ብትጠይቅ፣ ከውጭ የምታስመጣም ከሆነ ከሣጥኑ ጋር ሁለት ሦስት ቫልቭ አብሮ እንዲገዛ ብትናገር ብልህነት ነው።

ቱቦውና ከሱ ጋር የሚሄደው መከለያ ሌላ ጉዳይ ያነሣሉ። ማለቢያዎች በጥቅሉ ክፍትና ዝግ ይባላሉ። ዝግ በሆነው በወተቱና በሞተሩ መካከል ሲሊኮን መከለያ አለ፤ አየሩ ይገፋፋል እንጂ ወተትም እርጥበትም አያልፍም። ክፍት በሆነው ግን የወተት እንፋሎት፣ አንዳንዴም ራሱ ወተቱ፣ በቱቦው አድርጎ ሞተሩ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ የሞተሩን ውስጥ ደግሞ ማንም አያጥበውም። ቱቦ ውስጥ ጤዛ ከታየ ወተት ካለቡ በኋላ ቱቦውን ብቻ ሰክቶ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ ማስኬድ ያደርቀዋል። ጥቁር ነጠብጣብ ወይም ሻጋታ ከታየ ግን ማጠብ የለም፤ ቱቦው ይጣላል።

የተጠቀሙበትን ፓምፕ የመቀበል ጥያቄም የሚፈታው በዚሁ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የጤና ሕግ የመድን ድርጅቶች ለወላዶች ማለቢያ እንዲሸፍኑ አስገድዷል፤ ዋሽንግተን አካባቢም ሆነ ሌላ ቦታ የምትኖር እህት ልጇ ጡት ሲተው ፓምፑን በሻንጣ ለአገር ቤት ዘመድ ብትልክ የሚያስገርም አይደለም። ደግነት ነው፤ ግን ኤፍዲኤ ለአንድ ሰው ተብለው የተሠሩ ማለቢያዎች ከሰው ሰው እንዳይተላለፉ ያሳስባል፤ ምክንያቱም ንጹሕ መስሎ የሚታየው ሞተር ውስጥ የወተት ቅሪት ሊኖር ይችላል፤ በወተት ደግሞ ኤች አይ ቪን ጨምሮ ቫይረሶች ይተላለፋሉ። ለብዙ ተጠቃሚ ተብለው የተሠሩት የሆስፒታል ፓምፖች ሌላ ናቸው፤ ሞተሩን ይጋራሉ፤ ወተት የሚነካውን ሁሉ ግን እያንዳንዷ እናት የራሷን ትይዛለች። የሰው ፓምፕ የግድ ከሆነ ዝግ መሆኑ ይረጋገጥ፤ መግጠሚያው፣ ቫልቩ፣ መከለያው፣ ቱቦውና ጠርሙሱም ሁሉ አዲስ ይገዛ። ክፍት ከሆነ ግን ቢቀር ይሻላል።

በዚያው ሻንጣ ከሚመጣው ላይ የኤሌክትሪኩ ነገርም አለ። የአሜሪካ መስመር 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። ዛሬ አብዛኞቹ ቻርጀሮች ላይ «ከ100 እስከ 240» ተብሎ ይጻፋል፤ ያ ጽሑፍ ካለ ሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃል። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ሳያስቡ የሰኩት ቀን ይቃጠላል። መብራት ለሚጠፋበት ቤት ደግሞ ባትሪ ያለው ወይም በእጅ የሚሠራ መጠባበቂያ አይጠላም።

ሻጮች ሲያነሡት የማልሰማው አንድ ጉዳይ የከፍታ ነው። ፓምፕ የሚሠራው በውስጡና በውጭው አየር መካከል ልዩነት በመፍጠር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ግፊት የሚቆጣጠር ዳሳሽ የሌለው ቀላል ፓምፕ እዚያ 240 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የሚስብ ቢሆን እዚህ ወደ 180 ሊወርድ ይችላል። ደብረ ብርሃን ላይ ሲሆን ደግሞ ከዚያም ያንሳል። መፍትሔው ሌላ ፓምፕ አይደለም፤ ባሕር ዳርቻ ያለች እናት በዩቲዩብ «እኔ ሦስት ላይ ነው የማልበው» ብትል እዚህ ያለችው አምስት ላይ ብታደርገው ስህተት እንዳልሠራች ማወቅ ነው። ውሃም አዲስ አበባ ላይ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ዕቃዎቹን ለማጽዳት ግን ይበቃል።

ጽዳትን ብዙዎች ቀላል አድርገው ያዩታል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ክሮኖባክተር በተባለ ባክቴሪያ ታመመ፤ ባክቴሪያው ማለቢያው ላይና እቤት የዕቃ ማጠቢያ ገንዳው ላይ ተገኘ። ዕቃዎቹ ገንዳው ውስጥ በሳሙና ውሃ ለሰዓታት ተዘፍዝፈው ይቆዩ ነበር። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲዲሲ ዝርዝር መመሪያ ያወጣው ከዚህ በኋላ ነው። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው፦ ከእያንዳንዱ ማለብ በኋላ ወተት የነካው ሁሉ ይፈታታ፣ ለሱ ብቻ በተለየ ጎድጓዳ ሳህን በሙቅ ውሃና ሳሙና ይታጠብ፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ በአየር ይድረቅ። በቀን አንድ ጊዜ ደግሞ አምስት ደቂቃ ይፍላ፤ በተለይ ሕፃኑ ሁለት ወር ካልሞላው ወይም ያለጊዜው ከተወለደ። ሞተሩና ቱቦው አይፈሉም። ውሃ በሚቋረጥበት ሰፈር ይህ ሁሉ ሸክም መሆኑ አይካድም፤ ሁለት ስብስብ ዕቃ ያላት እናት ትንሽ ትተነፍሳለች።

ያን ሁሉ የማይፈልገው ማለቢያ የእናቲቱ እጅ ነው። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣው እንገር ጥቂትና ወፍራም ስለሆነ ፓምፕ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ በእጅ ወደ ማንኪያ ወይም ስኒ ማለብ ይሻላል። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ከጫፉ ራቅ ብለው፣ መጀመሪያ ወደ ደረት ገፋ፣ ከዚያ ጨመቅ፣ ለቀቅ፤ ቆዳውን ማሸት ወይም ጫፉን መጎተት የለም። ጨቅላ ሕፃናት በሚታከሙባቸው ክፍሎች ነርሶች ለእናቶች የሚያስተምሩት ይኸው ነው። አልፎ አልፎ ለምታልብ ደግሞ ባለ እጀታው የእጅ ፓምፕ በቂ ይመስለኛል፤ መግጠሚያና ቫልቭ እንጂ ቱቦም ሞተርም የለውም፤ የሚበላሸውም ትንሽ ነው። ጡት መያዣ ውስጥ የሚገባው ዘመናዊው ዓይነት ሰው ፊት ለመሥራት ያመቻል፤ ነገር ግን መግጠሚያው ውስጥ ያለውን ጫፍ ማየት ስለሚያስቸግር ልክ የማግኘቱ ችግር ይብሳል፤ የሚታጠቡት ክፍሎቹም ይበዛሉ። ሌላ ማለቢያ ለሌላት እናት የመጀመሪያ ምርጫ አላደርገውም።

ስለ መጠን አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። ከአንድ እስከ ስድስት ወር ያለ ሕፃን በቀን በአማካይ 750 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጠባል፤ በሰዓት ሲካፈል ወደ 30 ሚሊ ሊትር ነው። ሕፃኑን አጥብታ ብዙም ሳትቆይ የምታልብ እናት ከሁለቱም ጡት 30 ወይም 60 ሚሊ ሊትር ብታገኝ ደህና ነው። በስልክ ላይ የሚታዩት የሞሉ ጠርሙሶች መለኪያ አይደሉም።

ፓምፕ በእኛ አገር በብዛት የሚፈለገው ሥራ ለተመለሰች እናት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል፤ የሥራ ቀን ብቻ ቢቆጠር እንኳ የዓለም ጤና ድርጅት ጡት ብቻ እንዲሰጥ የሚመክርበትን ስድስት ወር አይሞላም። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር፤ ማቆያው ባለበት እናት ወርዳ ታጠባለች፤ ማለቢያ አያስፈልጋትም። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የወጣው ሕግ ለአብዛኞቹ ሠራተኞች ከወሊድ በኋላ እስከ አንድ ዓመት ድረስ የማለቢያ እረፍትና መጸዳጃ ቤት ያልሆነ ገለል ያለ ቦታ ያዛል።

ቤቷ አያት፣ ቢሮዋ ሜክሲኮ የሆነች እናት ጠዋት አንድ ሰዓት ወጥታ ማታ አሥራ አንድ ላይ ብትመለስ አሥር ሰዓት ከልጇ ትለያለች፤ ያ ማለት ወደ 300 ሚሊ ሊትር ነው። በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ ማለብ ይበቃል፤ ሁለቱንም ጡት ባንድ ጊዜ የሚያልብ ከሆነ እያንዳንዱ 15 ወይም 20 ደቂቃ ይወስዳል። የታለበው ወተት ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል ውስጥ አራት ሰዓት፣ በረዶ በተደረገበት ቦርሳ 24 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ አራት ቀን ይቆያል። ሕፃኑ ጠጥቶ ያስተረፈው ግን ከሁለት ሰዓት በኋላ ይደፋል። ቢሮው ፍሪጅ ከሌለው የበረዶው ቦርሳ ከማለቢያው እኩል አስፈላጊ ነው፤ ዋጋውም ከማለቢያው በብዙ ያንሳል።